ስንቸኩል የምንቆርጠው የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ ነው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሥራ ከጀመርሽ ብዙም አልቆየሽም። በቢሮሽ የቴሌግራም ግሩፕ ሁሉም በአጭር በአጭሩ ይጻጻፋል። አንቺም እንደነሱ አሳጥረሽ የላክሽው ትእዛዝ በተገላቢጦሽ ተፈጸመ፤ ይመለስ ያልሽው ዕቃ ወጣ። አለቃሽ ደግሞ ለምትልኪው ሁሉ «እሺ» ብቻ ስለሚሉሽ ተቀይመውኝ ይሆን ብለሽ ተጨንቀሻል። «እንደነሱ ላሳጥር ወይስ ሰው ቢሰለቸውም ዘርዝሬ ልጻፍ?» ነው ያልሽው።

እኔ የምሠራው ዕቃ አስመጥቶ በሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ ነው። ሽያጩን፣ መጋዘኑንና ሾፌሮቹን የማገናኘው እኔ ስለሆንኩ ቀኑን ሙሉ የማነበው እንዲህ ያለ መልእክት ነው። ያየሁትን ልንገርሽ።

ማሳጠር በራሱ ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ የሚመጣው ከሚቆረጠው ነገር ነው። አማርኛ ዋናውን ነገር የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ ነው። ማን አደረገው፣ ተደርጓል ወይስ ገና ይደረግ፣ ጥያቄ ነው ወይስ ትእዛዝ፣ ሰውየው አንቱ ነው ወይስ አንተ፣ ይሄ ሁሉ ያለው ግሱ ላይ ነው። የቸኮለ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚተወው መጨረሻውን ነው። «ክፍያ» ብሎ ይልካል። ተከፍሏል? ይከፈል? ከፈላችሁ ወይ? ጸሐፊው በልቡ ያውቀዋል። አንባቢው ግን የራሱን ግስ ጨምሮ ያነባል፤ የሚጨምረውም ያን ሰዓት እሱን ያስጨነቀውን ነገር ነው።

አንዴ አንድ የሽያጭ ሠራተኛ «ሳሪስ 40 ካርቶን» ብሎ ግሩፑ ላይ ጻፈ። ሳሪስ ያለ ደንበኛችን 40 ካርቶን ሊመልስ ስለሆነ መኪና ሄዶ ያምጣ ማለቱ ነበር። ስቶር ኪፐሩ 40 ካርቶን ወደ ሳሪስ ጫኑ ማለት ነው ብሎ ተረዳው። የመጋዘን ሰው ቀኑን ሙሉ የሚያስበው ስለሚወጣ ዕቃ ነዋ። መኪናው ተጭኖ ሄደ። ዕቃ አንሱልኝ ብሎ የሚጠብቀው ደንበኛ ሌላ 40 ካርቶን መጣበት። ከዚያ ወዲያ የሆነውን አንቺው ገምቺው፤ የነዳጁና የጉልበት ሠራተኞቹ ወጪ፣ የደንበኛው ቁጣ። «ከሳሪስ 40 ካርቶን ይመለሳል» ቢባል ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ። ሁለቱ ልጆች ለሳምንት ተኮራርፈዋል፤ እኔ ግን አንዳቸውንም ሰነፍ ማለት አልችልም።

በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጻፈው አማርኛ ደግሞ ይብሳል። አናባቢዎቹ ይዋጣሉ። ጠ እና ተ፣ ቀ እና ከ አይለዩም። «ዕቃው መቼ ነው የሚገባው?» ተብሎ የተጠየቀ ትራንዚተር (ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስለቅቀው ሰው) «ኤም-ቲ-ኤ» የሚሉትን ሦስት ፊደላት ብቻ ቢልክ፣ «መጣ» ማለቱ ነው ወይስ «ማታ»? መጣ ብለሽ ካነበብሽ መኪናና ሰው ታሰልፊያለሽ፤ ማታ ካልሽ ሠራተኛውን ለአምሽቶ ሥራ ታስቀሪያለሽ። ቁጥር፣ ስምና ውሳኔ ያለበትን መልእክት በፊደላችን ጻፊው። በአማርኛ ኪቦርድ መጻፍ መጀመሪያ ላይ ቢያዘገይም ይለመዳል።

የፈጠራ ምህጻረ ቃልም አለ። «ወ/ሮ»፣ «መ/ቤት»፣ «ዓ.ም.» ሁሉም የሚያውቃቸው ስለሆኑ ችግር የለም። እኛ ጋ ግን ሾፌሮቹ «ደ» ሲሉ ደረሰ ማለታቸው ነው፤ የሂሳብ ክፍሏ ልጅ ደግሞ ደረሰኝ ብላ ታነበዋለች። አንድ ክፍል ለራሱ የፈጠረውን ይዞ ሌላ ክፍል ሲገባ እንዲህ ይሆናል።

አንቺ ያላነሳሽው፣ ለእኔ ግን ከሁሉም የሚከብደኝ፣ የአክብሮት ጉዳይ ነው። የአማርኛ ትእዛዝ ሲያጥር የሚቀረው የ«አንተ» ነው። ላክ። ና። ጫን። እንዲህ የሚጽፈው ሰው ለመናቅ ብሎ አይደለም፤ ቸኩሎ ነው። እኛ ጋ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው ሾፌር አሉ፤ የልጅ ልጅ ያዩ ሰው ናቸው። በአካል ሲያገኛቸው ብድግ የሚልላቸው ወጣት በስልክ «ቶሎ ና» ብሎ ይጽፍላቸዋል። እሳቸው ምንም አይሉም። ግን ከዚያ በኋላ ለዚያ ልጅ ጭነት ለመውጣት እንደ ድሮው አይቻኮሉም፤ ልጁም ለምን እንደሆነ አይገባውም። በ«ላክ» እና በ«ይላኩ» መካከል ያለው አንድ ፊደል ነው። ያን ታህል መጻፍ ማንንም ሥራ አያስፈታም።

አሁን ወደ «እሺ» ልምጣ። በእኛ ቢሮዎች «እሺ» አይቻለሁ ነው፣ ተስማምቻለሁ ነው፣ አደርገዋለሁ ነው፣ አንዳንዴም በኋላ እናየዋለን ነው። ፊት ለፊት ሲሆን ከድምፁና ከፊቱ ትለይዋለሽ። ስልክ ላይ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። የአውራ ጣት ምልክቱም እንደዚያው። በካናዳ ሳስካቼዋን ክፍለ ሀገር፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የተፈረደ አንድ ጉዳይ አለ። እህል ገዢ ድርጅት የተልባ ግዢ ውል በስልክ ፎቶ ልኮ ገበሬውን አረጋግጥልኝ አለው። ገበሬው የአውራ ጣት ምልክት ብቻ መለሰ፤ ተልባውን ግን አላስረከበም። ምልክቱ ውሉ እንደደረሰኝ ማሳወቄ ነው እንጂ መስማማቴ አይደለም ብሎ ተከራከረ። ዳኛው ግን ከዚያ በፊት በነበሩ ውሎች በ«እሺ» ዓይነት አጭር መልስ እየተስማማ እህሉን ያስረክብ እንደነበር አይተው፣ ምልክቱን እንደ ፊርማ ቆጠሩት። 82 ሺህ የካናዳ ዶላር ገደማ እንዲከፍል ተፈረደበት። እኛም አገር የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። ስለዚህ በተለይ ገንዘብና ዕቃ ያለበት ነገር ላይ «እሺ» ብለሽ አትለፊ። «ደርሶኛል፤ አይቼ ነገ ጠዋት መልስ እሰጣለሁ» ወይም «ተስማምቻለሁ፤ ዛሬ ይጫናል» በይ። ከአንድ መስመር አያልፍም።

ሰዓትና ቀንን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። ከውጭ ሰው ጋር የምትሠሪ ከሆነ «3 ሰዓት» ብቻ አይበቃም፤ የእኛ የጠዋት 3 ሰዓት በስልኩ 9:00 ነውና ሁለቱንም ጻፊ። «10/4» የሚል ቀን ለእኛ ታኅሣሥ 10 ነው፣ ለዱባዩ አቅራቢ ኤፕሪል 10፣ ለአሜሪካዊው ኦክቶበር 4። የወሩን ስም በፊደል ጻፊ፤ እሱንም ሳታሳጥሪ፣ ምክንያቱም «ጥ» ጥቅምትም ጥርም ነው።

ሌላው የሚያሳስተው ከላክሽው መልእክት ጎን የሚታየው የራይት (✓) ምልክት ነው። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ሁለተኛው ራይት የሚመጣው ከአባላቱ አንድ ሰው ብቻ ሲያየውም ነው። ሁለት ራይት አየሁ ብለሽ ስቶር ኪፐሩ አንብቦታል አትበይ። ሥራው የአንድ ሰው ከሆነ ስሙን ጠቅሰሽ ጻፊለት፤ እሱም በቃላት ይመልስ።

አለቃሽን በተመለከተ፣ ከ«እሺ» ተነስተሽ ቅያሜ አትቁጠሪ። ብዙ መልእክት የሚመጣለት ሰው ለሁሉም እንደዚያው ነው የሚመልሰው። ሌሎቹ ሲጽፉላቸው ምን እንደሚመልሱ እይ። ካሳሰበሽ በግሩፑ ላይ ሳይሆን ቢሯቸው ገብተሽ «የምልክልዎት ነገር በሚፈልጉት መንገድ ነው ወይ? ላሳጥረው ወይስ ልዘርዝረው?» ብለሽ ጠይቂያቸው። እኔ ያየኋቸው አለቆች እንዲህ ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል። ረጅም ጽሑፍ የማይወዱ ከሆነም ሰላምታውን አሳጥሪው፤ ግሱን ግን አትንኪው።

ያ በተገላቢጦሽ የተፈጸመው ትእዛዝሽን ደግሞ አትሰርዢው፣ አታስተካክዪውም። ቴሌግራም የተሰረዘ መልእክት ዱካ አይተውም። በኋላ «እንዲህ ብለሽ ነበር፣ አላልኩም» የሚል ነገር ሲመጣ ምን ተጽፎ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ አይኖርም፤ ትእዛዙን የፈጸመው ልጅም ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። እዚያው መልእክት ላይ ሪፕላይ አድርጊና «ይህ ትእዛዝ ዕቃው እንዲወጣ ሳይሆን እንዲመለስ ነበር። እባካችሁ ዛሬ ከሰዓት በፊት ይስተካከል፤ የፈጸመው ባልደረባችን እንደተጻፈው ነው የሠራው» ብለሽ ጻፊ። ለልጁም ለብቻው ደውዪለት።