ዋልካ ላይ ቤት ለምትገዙ ልጆች

ባለፈው ሰመር የጓደኛዬ ልጅ ደወለልኝ። ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ከተማ ቤት ከገዛ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። «ጋሼ፣ የመኝታ ቤቱ በር አልዘጋ አለኝ» አለ። «ከመስኮቱ ማዕዘን ተነስቶ ሰያፍ የሄደ ስንጥቅ የለም?» ብዬ ጠየቅኩት። ትንሽ ዝም ካለ በኋላ «እንዴት አወቁ?» አለኝ።

ጥንቆላ አይደለም። እዚህ ቴክሳስ፣ ዳላስ አካባቢ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖሬያለሁ። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ በመሐንዲስነት ሠርቻለሁ። ውቅያኖስ ተሻግሬ መጥቼም የምጣላው ከዚያው አፈር ጋር ነው። ከዋልካ።

አንዳንዶቻችሁ እዚሁ ስለተወለዳችሁ ዋልካ የሚለውን ቃል ላታውቁት ትችላላችሁ። ወላጆቻችሁን ጠይቁ። በበጋ ተሰነጣጥቆ የበግ እግር የሚውጥ፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጫማ ከእግር ነቅሎ የሚያስቀር ጥቁር አፈር ነው። ጤፍ ይወደዋል፣ ቤት አይወደውም። እዚህ ዳላስን ይዞ በሰሜንም በደቡብም የሚዘረጋው ብላክላንድ ፕሬሪ የሚባለው መሬት የዚሁ ዘመድ ነው። ድሮ ጥጥ ይመረትበት ነበር፤ ዛሬ ቤት ተደርድሮበታል። ጠባዩ አንድ ነው፦ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲጠማ ይኮማተራል።

አገር ቤት ዋልካ ስናገኝ ጠርገን አውጥተን ሰለክት የሚባለውን የማያብጥ የተመረጠ አፈር እንሞላ ነበር። እዚህ ግን አፈሩ ብዙ ጫማ ወደ ታች ስለሚወርድ ቤቱ በላዩ ላይ ነው የሚቀመጠው። የቆዩት ቤቶች ከመሬት ከፍ ብለው በምሰሶና በቢም ላይ የቆሙ ናቸው። ከእነሱ በኋላ የመጡት አንድ ወጥ ሶሌታ ላይ፣ ማለትም መሬት ላይ በተነጠፈ የኮንክሪት ወለል ላይ ተሠሩ። ከ1970ዎቹ ወዲህ ሶሌታው ውስጥ የተወጠረ የብረት ገመድ መቅበር ተለመደ። በነገራችን ላይ፣ ቤታችሁ ባለ ገመድ ከሆነ ማንም ሰው ወለሉን ዝም ብሎ እንዳይበሳ። ያ ገመድ ሲበጠስ ቀልድ አይደለም።

አሁን ቤታችሁን ከላይ ሆናችሁ እዩት። ከመሐሉ ሥር ያለው አፈር ፀሐይ አያገኘውም፣ ስለዚህ እርጥበቱ ብዙም አይለዋወጥም። ዳር ዳሩ ግን ሙሉ ሰመሩን ይጠበሳል። ዳሩ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ የቤቱ ጥግም አብሮት ይወርዳል። በር የሚነክሰው፣ የውጭው ጡብ እንደ ደረጃ የሚሰነጠቀው ለዚህ ነው። አጠገቡ ትልቅ የኦክ ዛፍ ካለ በዚያ በኩል ይብሳል። ዛፉም እንደ እናንተ ውሃ ይፈልጋል፣ የሚያገኘው ደግሞ ከሶሌታችሁ ሥር ነው።

እንግዲህ ሁሉንም የማውቅ ይመስላል አይደል? የራሴን ጉድ ልንገራችሁ።

በ2011 (እንደ አሜሪካኖቹ አቆጣጠር) ዳላስ ውስጥ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት ለ40 ቀን በተከታታይ ከ100 ፋራናይት አልወረደም። በዓመቱ በድምሩ 71 ቀን 100 ወይም ከዚያ በላይ ሆኗል። የውሃ ቢል ሲመጣ ራሴን ያዝኩና ግቢውን ማጠጣት አቆምኩ። ሣር ነው፣ ይሙት አልኩ። ነሐሴ ላይ በአፈሩና በሶሌታው ጠርዝ መካከል ጣቴ የሚገባበት ክፍተት ተከፈተ። መስከረም ላይ የሳሎኑ ግድግዳ ተሰነጠቀ። ዋልካን አውቃለሁ የምል ሰው፣ ቤቴን በገዛ እጄ አስጠማሁት።

የሚቀጥለው ይብሳል። አንድ የጥገና ድርጅት ደወልኩ። የመጣው ልጅ ጥሩ ሸሚዝ ለብሷል፣ ሲናገር ደግሞ ማር ነው። ቤቱን ዞሮ ለማየት አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም። «19 ፒር ያስፈልግዎታል፣ ዛሬ ከፈረሙ ቅናሽ አለ» አለኝ። ፈረምኩ። ስሌት አልጠየቅኩም፣ ሌላ ሰው አላማከርኩም። መሐንዲስ ሆኖ ሌላ መሐንዲስ መጥራት ነውር መስሎኝ ነበር።

ፒር የሚሉት እንዲህ ነው። በቤቱ ዙሪያ ከ6 እስከ 8 ጫማ እየተራራቀ ይቆፈራል። አጫጭር የኮንክሪት ሲሊንደሮች ወይም የብረት ቱቦ በሃይድሮሊክ ክሪክ እየተገፋ አልወርድም እስኪል ድረስ ወደ ታች ይሰደዳል። የሚገፋው የቤቱን ክብደት ተደግፎ ነው። ከዚያ ቤቱ በክሪክ ቀስ እያለ ይነሳና ፒሮቹ ላይ ይቀመጣል። ሥራው በደንብ ከተሠራ ጥሩ ሥራ ነው፣ አልዋሽም። የእኔም ቤት ተነሳ። በሮቹ ተዘጉ። ባለቤቴ ቡና አፍልታ ሠራተኞቹን ጋበዘች።

ከዓመት በኋላ ሎሚ ከእጄ ወደቀና ከወጥ ቤት ተንከባሎ ሳሎን ገባ። የወለሉ መሐል አብጧል ማለት ነው። የቤቴ የፍሳሽ ቱቦ የድሮ ብረት ነበር፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ የተቀበረ። ሶሌታው ሲነሳ ተሰንጥቋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሻወሩም የእቃ ማጠቢያውም ውሃ ከቤቱ ሥር ያለውን ዋልካ ሲያጠጣ ከርሟል። ድርጅቱን ብጠራው ዋስትናው የሚሸፍነው ፒሮቹን ብቻ ነው አለኝ። ፒሮቹ ደግሞ ንቅንቅ አላሉም። እውነታቸውን ነው! ዳሩ ቆሞ መሐሉ ነው የተነሳው። ኢንሹራንሱም የአፈር እንቅስቃሴ አንሸፍንም አለ፤ አብዛኛው የቤት ኢንሹራንስ እዚህ እንደዚያ ነው። ቱቦውን ለመቀየር ከቤቱ ሥር ዋሻ አስቆፈርኩ። ለሁለተኛ ጊዜ ከፈልኩ ማለት ነው።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ስንጥቅ ስታዩ መጀመሪያ ስልክ የምትደውሉት ፒር ለሚሸጥ ሰው አይሁን። ዶሮ ሻጭ ጠርታችሁ ጾም ነው ወይ ብላችሁ አትጠይቁም። ቴክሳስ ውስጥ የመሠረት ጥገና ለመሥራት የስቴት ላይሰንስ አይጠየቅም። መኪና ያለውና ክሪክ የገዛ ሁሉ መግባት ይችላል። መሐንዲስ ግን ላይሰንስ አለው፣ ማኅተም አለው፣ የሚጠይቀው ቦርድ አለ። የሚሸጠው ነገር የሌለው መሐንዲስ ፈልጉ። ገንዘብ ያስከፍላችኋል፣ ግን ከ19 ፒር ይረክሳል።

ጥሩ መሐንዲስ ሲመጣ በየክፍሉ እየዞረ የወለሉን ከፍታ ይለካል። መሣሪያው ውድ ነው እንጂ፣ የአገራችን ግንበኞች ውሃ በሞሉት ቱቦ ከሚለኩት ውሃልክ ጋር መሠረቱ አንድ ነው። ከዚያ ወለሉ ምን ያህል እንደዘመመና ምን ያህል እንደታጠፈ ያሰላል። እዚህ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙበት ልክ አለ፦ መዝመሙ ከ1 በመቶ፣ መታጠፉ ደግሞ ከርዝመቱ 1/360 እንዳያልፍ። 1/360 ለ30 ጫማ ርዝመት 1 ኢንች ማለት ነው። አያችሁ፣ ቤት ትንሽ መንቀሳቀሱ ብቻ በሽታ አይደለም። ሪፖርቱ «ፒር አያስፈልግም፣ ውሃውን አስተካክሉ» ብሎ የሚያበቃበት ጊዜ አለ። ያቺን ወረቀት በደንብ አስቀምጧት።

ፒር ያስፈልጋል ከተባለም፣ ቤቱ ከመነሳቱ በፊትም ከተነሳ በኋላም የፍሳሽ መሥመሩ ይፈተሽ። የቧንቧ ባለሙያው መውጫውን ደፍኖ ቱቦውን ውሃ ይሞላዋል። ውሃው ከወረደ ይፈሳል ማለት ነው። እኔ ይቺን አንዲት ነገር ባለማድረጌ ነው ዋሻ ያስቆፈርኩት።

ገና ለመግዛት የምታስቡ ደግሞ አላችሁ። እቁብ ደርሷችሁ፣ ዳውን ፔይመንቱን ይዛችሁ፣ አዲስ ቀለም የተቀባ ቤት አይታችሁ ልባችሁ የሸፈተ። ቴክሳስ ውስጥ ሻጩ የሚያውቀውን የመሠረት ችግርና ከዚህ በፊት የተደረገ ጥገና በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ያንን ወረቀት አንብቡ። ጥገና ተደርጎ ከሆነ የመሐንዲሱን ሪፖርት፣ የፒሮቹን ሥዕልና የዋስትናውን ወረቀት ጠይቁ። ዋስትናው ወደ እናንተ መዞር አለመዞሩን ድርጅቱ ጋ ደውላችሁ አረጋግጡ፤ ድርጅቱ ራሱ አለ ወይስ ተዘግቷል? ይህን ሁሉ በኦፕሽን ፔሪየድ፣ ማለትም ከፈረማችሁ በኋላ ሐሳባችሁን ቀይራችሁ መውጣት በምትችሉባቸው ቀናት ውስጥ ጨርሱት። አጭር ነው፣ ብዙ ጊዜ ከ10 ቀን አይበልጥም። ቤት አሻሻጩ የአክስታችሁ ልጅ ቢሆንም እንኳ አትፈሩ። አዲስ ቀለም ደግሞ፣ በተለይ ከመስኮት ማዕዘን ላይ፣ እኔን ያጠራጥረኛል።

ስለ ውሃው ልጨርስ፣ ዋናው እሱ ነው። ሶከር ሆዝ የሚባል እንደ ላብ የሚያንጠባጥብ የውሃ ጎማ አለ። ከሶሌታው ከ12 እስከ 18 ኢንች አርቃችሁ በቤቱ ዙሪያ ዘርጉት። ክፍተት ተከፍቶ ካያችሁ ክፍተቱ ውስጥ ውሃ አትልቀቁበት፤ ወርዶ ከሶሌታው ጠርዝ ሥር ያለውን አፈር ጭቃ ያደርገዋል። የምትፈልጉት አፈሩ ሰመርም ዊንተርም ተቀራራቢ እርጥበት እንዲኖረው ነው። ሐምሌ ላይ አጥለቅልቆ ነሐሴ ላይ መርሳት ካለማጠጣት አይሻልም። የከተማችሁን የማጠጫ ቀን ደንብ እዩ፤ ለእንዲህ ዓይነት ጎማ ብዙ ጊዜ ላላ ያለ ነው። አሸንዳችሁን ጥረጉ፣ የሚወርደው ውሃ ከቤቱ ርቆ እንዲፈስ አድርጉ። መሬቱ በመጀመሪያው 10 ጫማ ውስጥ 6 ኢንች ወደ ውጭ ቢያዘቀዝቅ ጥሩ ነው። አበባ ለመትከል ብላችሁ ግድግዳው ሥር ኩሬ የምትሠሩም አላችሁ፣ ተዉ።

የጓደኛዬን ልጅ ቤት ሄጄ አየሁለት። በስተምዕራብ በኩል አፈሩ አመድ ሆኗል። የአሸንዳው አንዱ ክንድ ወድቆ ዝናብ ሲመጣ ጥጉ ላይ ይደፋል። ስንጥቁ ጫፍ ላይ በእርሳስ መሥመር አሰመርኩና ቀኑን ጻፍኩበት። ሚስቱ «ጋሼ፣ ግድግዳዬን!» ብላ ሳቀች። መሐንዲስ ጠርተው ተለካ፣ ከልኩ አላለፈም። ጎማው ተዘረጋ፣ አሸንዳው ተሰቀለ። ባለፈው እሑድ ሄጄ ነበር። በሩ ይዘጋል፣ ትንሽ ይጎተታል እንጂ። ስንጥቁም እርሳሴን አላለፈም። አዲስ ቀን ጽፌበት መጣሁ።