ከጥቀርሻ እስከ ጓሮ ቦይ፦ ስለ ትልልቅ የካርቦን ሕትመት የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ካርቦን ትራንስፈር ስለሚባለው የፎቶግራፍ ማተሚያ ዘዴ የደረሱኝን ጥያቄዎች በዚህ ዐምድ ሰብስቤ እመልሳለሁ። ለአዲስ አንባቢ ሥራው በአጭሩ ይህን ይመስላል፦ ጄላቲን፣ ስኳርና ጥቁር ቀለም ተደባልቀው ሉህ ላይ ይፈሳሉ፤ ሉሁ ሲደርቅ ዳይክሮሜት በሚባል የክሮሚየም ኬሚካል አማካይነት ብርሃን እንዲሰማው ይደረጋል፤ በኔጋቲቭ ሥር ለአልትራቫዮሌት ሲጋለጥ ብርሃን የነካው ጄላቲን ይጠነክራል፤ ከዚያም በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ከመጨረሻው ወረቀት ጋር ፊት ለፊት ይጣበቅና በ40 ዲግሪ ገደማ በሞቀ ውኃ ሲታጠብ ያልጠነከረው ሟሙቶ ምስሉ ወረቀቱ ላይ ይቀራል። ጆሴፍ ስዋን በ1864 እ.ኤ.አ. ያስመዘገበው ዘዴ ከዚህ ብዙም አይለይም።

ከለገጣፎ የጻፉልን አንባቢ ትናንሽ ሕትመቶቻቸው ንጹሕ ሆነው ሳለ 50 በ60 ሴንቲ ሜትር ሲሞክሩ ጠርዙ እንደሚላጥ፣ መሐሉም ላይ ነጫጭ ነጠብጣቦች እንደሚወጡ ይናገራሉ።

ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸው። የጠርዙ መፍትሔ ቀላል ነው፤ የኔጋቲቩን ዙሪያ ብርሃን በማያሳልፍ ቴፕ ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር ይሸፍኑት። ብርሃን ያልነካው ጠርዝ ለስላሳ ሆኖ ስለሚቀር ሙቅ ውኃው ከምስሉ ሥር ገብቶ አያነሣውም። ነጠብጣቦቹ ግን የአየር አረፋ ናቸው። እኛ ዳር ሰፈር ያለን ሰዎች በፈረቃ የመጣውን ውኃ በፓምፕ ገፍተን ሮቶ ውስጥ ስለምናጠራቅም፣ ውኃው አየር እንደተሸከመ ሳፋችን ውስጥ ይደርሳል። አፍልተው ያቀዝቅዙት፤ ያ ካልተቻለ ሰፊ ዕቃ ውስጥ ያሳድሩት፤ ሉሁን ሲነክሩም ፊቱን በውኃው ውስጥ እንዳለ በለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉት። ሉሁ መጀመሪያ ይጠቀለላል፣ ቀጥሎ መዘርጋት ይጀምራል፤ ከወረቀቱ ጋር የሚገናኘው በዚያች ቅጽበት ነው። ውኃ ጠጥቶ እስኪጠግብ ከጠበቁት የሚስብበት ኃይል አይኖረውም። በመስኮት መጥረጊያ ላስቲክ ከመሐል ወደ ዳር ጨምቀው፣ መስታወትና ክብደት ጭነው ግማሽ ሰዓት ይተዉት።

ከሰበታ የደረሰን ጥያቄ ከምጣድ ሥር የተፋቀ ጥቀርሻ ለቀለም ይሆናል ወይ የሚል ነው።

በመርሕ ደረጃ ይሆናል፤ የብራና ጸሐፊዎቻችንም የጥቁር ቀለማቸው መሠረት ጥቀርሻ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከአፈጫጨቱ ነው። ከምጣድ የተፋቀው ቅባትና ያልተቃጠለ ነገር አለበት፣ ቅንጣቶቹም እኩል አይደሉም፤ በትንሽ ሕትመት የማይታየው አሸዋማነት ግድግዳ ላይ በተሰቀለ የፊት ምስል ጉንጭ ላይ ፈንጣጣ ሆኖ ይወጣል። መስታወት ላይ ከሙጫ ጋር ለረጅም ሰዓት ለመፍጨት ትዕግሥት ካለዎት ይሞክሩት፤ ከሌለዎት ከጽሕፈት መሣሪያ ቤት አንድ ጠርሙስ ጥቁር የሥዕል ቀለም ይግዙ።

ከአያት፦ ጄላቲን ከእንስሳ ስለሚሠራ በዐቢይ ጾም ብሠራበት ጾሜ ይገደፋል?

እስካልቀመሱት ድረስ ሕትመቱን የሚያበላሽ ነገር የለም፤ ስለ ጾሙ የሚመልሱልዎት ግን ንስሐ አባትዎ ናቸው።

ከሱሉልታ የጻፉት ደግሞ በጣቶቻቸው መካከል የሚያሳክክ ሽፍታ ወጥቶባቸው ቫዝሊን እየቀቡ ሥራቸውን ቀጥለዋል።

ዛሬውኑ ያቁሙ። ዳይክሮሜት ቆዳን ያስቆጣል፤ አለርጂው አንዴ ከያዘ የመልቀቅ ነገር የለውም፤ ከዚያ በኋላ ሲሚንቶና የቆዳ ጫማ እንኳ ሊያስቸግርዎት ይችላል። የኬሚካሉን ስም በወረቀት ጽፈው የቆዳ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። የሰፈር መድኃኒት ቤት የሚሰጥዎት ቅባት ለዚህ አይበቃም፤ ሐኪሙ ሳያይዎት ጓንት አድርጌ እቀጥላለሁ እንዳይሉም አደራ።

ከገላን የጻፉልን አንባቢ የሚኖሩበት ሰፈር እንጂ ስማቸው እንዳይጠቀስ ጠይቀዋል፤ ምክንያቱ ይገባኛል። የተጠቀሙበትን ዳይክሮሜት በጓሮ ቦይ እንደሚደፉ ይገልጹና፣ ቆዳ ፋብሪካዎች ከሚለቁት አንጻር የእርሳቸው ጠብታ ስለሆነ ይህን ያህል ማስጨነቅ ለምን አስፈለገ ይላሉ።

ንጽጽሩ ከመነሻው የተሳሳተ ነው። ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግለው የክሮሚየም ጨው በዋናነት ክሮሚየም ሦስት የሚባለው ሲሆን፣ እርስዎ የሚደፉት ክሮሚየም ስድስት ነው። ይህኛው በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትል የተረጋገጠ፣ በውኃ በቀላሉ የሚሟሟና ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር የሚጓዝ መርዝ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት ዳይክሮሜትን ከመስከረም 2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይሠራበት ያገደውም ስለዚህ ነው። የአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ በከፊል የሚቀዳው ደግሞ እርስዎ ካሉበት ብዙም ከማይርቀው የአቃቂ የጉድጓድ መስክ ነው፤ ትልቁና ትንሹ የአቃቂ ወንዞችም አባ ሳሙኤል ግድብ ከመድረሳቸው በፊት የብዙ ገበሬ ጎመንና ሰላጣ ያጠጣሉ።

ትልቅ ሕትመት ለዚህ ችግር ሰበብ መሆኑን ብዙዎቻችን አናሰላውም። 50 በ60 የሆነውን ሉህ በሳፋ ለመንከር ቢያንስ 1.5 ሊትር ብጥብጥ ያስፈልጋል፤ በ3 በመቶ ሲሰላ 45 ግራም ዳይክሮሜት ማለት ነው። ያው ሉህ ከአልኮል ጋር በተቀላቀለ 50 ሚሊ ሊትር ብጥብጥ በስፖንጅ ብሩሽ ቢቀባ፣ በ4 በመቶ 2 ግራም ይበቃዋል፤ ቶሎ ይደርቃልም። አልኮሉ እሳት ስለሚስብ ግን በአካባቢው የከሰል ምድጃ አይኑር።

የተረፈውንና የታጠበበትን ውኃ በሚዘጋ ጀሪካን አጠራቅመው «መርዝ» ብለው ይጻፉበት። በለስላሳ ጠርሙስ ፈጽሞ አያስቀምጡት፤ ሕፃን ልጅ ሲያየው ሚሪንዳ ነው። መርዙን ማክሸፍ ይቻላል፤ አሲዳማ በሆነ ብጥብጥ ላይ ሜታባይሰልፋይት ሲጨመር ብርቱካናማው ወደ አረንጓዴ ይለወጣል፣ ቀጥሎ በሶዲየም ካርቦኔት አሲዱ ሲበርድ ክሮሚየሙ እንደ ጭቃ ይዘቅጣል። ሂደቱ ትንፋሽ የሚያፍን ጋዝ ስለሚያወጣና ጭቃውም ዝም ብሎ የሚጣል ስላልሆነ፣ ይህን አንቀጽ አንብበው ብቻ እንዳይሞክሩት፤ በፍሳሽ አወጋገድ ላይ የሠራ ኬሚስት ፈልገው ያማክሩ። ይህን የምለው ለወጉ ያህል አይደለም።

እኔን ካሉ ደግሞ ዳይክሮሜቱን ይተዉት። ዲኤኤስ የሚባለው ምትክ ክሮሚየም የለበትም፤ ጄላቲኑ ሲዘጋጅ አብሮ ስለሚቀላቀል ሉሁ በጨለማ ለወራት ይቆያል። ከውጭ የሚመጣ ነው፣ ምስሉም ላይ ቢጫ ጥላ ይተዋል፤ ጥላውን በፖታሲየም ፐርማንጋኔት፣ ቀጥሎም በሜታባይሰልፋይት ማጽዳት ይቻላል። የቀድሞዎቹ ጌቶች በዳይክሮሜት ነው የሠሩት የሚል መልስ ከዚህ በፊትም ደርሶኛል፤ የቀድሞዎቹ ጌቶች ጉድጓድ ውኃዎን አይጠጡም።

ከኮዬ ፈጬ፦ መብራት ስለሚጠፋ በፀሐይ ማጋለጥ እችላለሁ?

ይችላሉ፤ ከፍታችን የአልትራቫዮሌቱን ኃይል ስለሚጨምርልን በበጋ ቀትር ላይ ብርሃኑ እጅግ ጥሩ ነው። ሆኖም ጥቁሩ ሉህ መስታወት ሥር ሙቀት ይስባል፤ ጄላቲኑ ከለሰለሰ ኔጋቲቩ ላይ ይለጠፍና ሁለቱንም ያጣሉ። በመካከላቸው ስስ ፖሊስተር ፕላስቲክ ያድርጉ፣ የማጋለጫ ፍሬሙንም እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ጥላ ውስጥ ያቆዩ። በክረምት ደመናው ስለሚለዋወጥ የደቂቃ ቆጠራ አይሠራም፤ እርጥበቱም በዳይክሮሜት የተቀባው ሉህ ጨለማ ውስጥ እንኳ በራሱ እንዲጠነክር ስለሚያፋጥነው፣ በደረቀበት ዕለት ይጠቀሙበት።

ከቡራዩ፦ ምስሌ ለምን ግራና ቀኙ ተገልብጦ ይወጣል?

አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚተላለፍ ነው፤ ኔጋቲቩን ሲያትሙ ገልብጠው ያትሙት።

እንደገና ከቡራዩ፦ ሕትመቶቼን ቤቴ ለመሸጥ የንግድ ፈቃድ ያስፈልገኛል?

ወረዳዎን ይጠይቁ።