ዲኤክስህ ጠዋት አልነሳ ካለህ ባትሪ ለመግዛት አትቸኩል

ወንድሜ፣ ክረምቱ ከገባ ወዲህ ዲኤክስህ (አሮጌዋ ቶዮታ ኮሮላ) ጠዋት ጠዋት አልነሳ እንዳለህ፣ ጋራዥም ገና ሳያዩት "ባትሪ ቀይር" እንዳሉህ ጽፈሃል። ባትሪ ዛሬ የዋዛ ወጪ አይደለም። እኔም አሮጌ ኮሮላ ስለምነዳ የማደርገውን ልንገርህ።

መጀመሪያ ጆሮህን ስጠው። ቁልፍ ስትሰጠው ሞተሩ ጭራሽ አይዞርም ወይስ እየዞረ ነው የማይነሳው? ሁለቱ ለየቅል ናቸው።

ካልዞረ ወይም እያቃሰተ ከዞረ፣ የፊት መብራት አብራና ቁልፍ ስጠው። መብራቱ ከደበዘዘ ባትሪው ደክሟል፣ ወይም ገመዶቹ የሚታሰሩባቸው የባትሪው ጫፎች በደንብ አልያዙም። መብራቱ ሳይደክም "ቀጭ" ብቻ ካለ ሞተሪኖውን (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን) ጠርጥር።

ብዙው ጣጣ ግን ጫፎቹ ላይ ነው። ነጭና አረንጓዴ ዱቄቱ ለማንም ይታያል። ክፉው ከላይ ንጹህ መስሎ ውስጡ የጠቆረው ነው። ጠርጥር ከገንፎም ይኖራል ስንጥር! ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ካለህ አንዱን ሽቦ የባትሪው የእርሳስ ጫፍ ላይ፣ ሌላውን የገመዱ ማሰሪያ ላይ ያዝ። ሌላ ሰው ቁልፍ ይስጥልህ። ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየ ጥፋቱ የባትሪው ሳይሆን የማሰሪያው ነው። ኔጋቲቩን አስቀድመህ ፍታ፣ በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ እጠብ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈትግ። ስታስር ኔጋቲቩን መጨረሻ አድርገው። ከሞተሩና ከቦዲው ጋር የታሰረውን የኔጋቲቭ ገመድም እይ፤ እሱን ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

ቆሞ ያደረ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ካለው ሙሉ ነው። 12.2 ከሆነ ግማሹ ሄዷል። ሞተሩ ተነስቶም ወደ 14 ካልወጣ ዲናሞው ባትሪውን እየሞላ አይደለም። ያኔ አዲስ ባትሪ ብትገዛም ብርህን ነው የምትጥለው።

እየዞረ ካልነሳ አንድ ካንዴላ (ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚለኩሰውን) ፍታ። ደረቅ ከሆነ ነዳጅ አልደረሰም፤ የነዳጁን ፊልትሮና ፖምፓ አስፈትሽ። በቤንዚን ከራሰ ነዳጁ ደርሷል፤ እሳት ጎድሎታል ወይም ቾክ (ለብርድ ቤንዚኑን የሚያበዛውን) ስበህ የነዳጅ ፔዳል ደጋግመህ ስትረግጥ ታፍኗል። ለታፈነው ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረግጠህ፣ ሳትለቅ አዙረው።

እሳት ከጠፋ፣ በክረምት እኔ ቀድሜ የማየው እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ነው። ሌሊቱን እርጥበት ይይዛል። ፈትተህ ውስጡን በደረቅ ጨርቅ ጥረገው። ከአንዱ ነጥብ ወደ ሌላው የሚሄድ ቀጭን ጥቁር መስመር ካየህ መጥረግ አይበቃም፣ እሳቱ በዚያ እየሾለከ ነውና ክዳኑ ይቀየር። ዋጋው ከባትሪ ጋር አይወዳደርም።

ነገ ጠዋት ሞክርና የካንዴላውን ፎቶ ላክልኝ።