ጂቲ 86 ወይስ ሁራካን? አዳማ ለሚነዳ ሰው

ወንድሜ፣ «ኑሮዬ አዳማ ነው፤ ቶዮታ ጂቲ 86 ልግዛ ወይስ ገንዘብ ጨምሬ ያገለገለ ላምቦርጊኒ ሁራካን?» ላልከው፣ የፈረስ ጉልበቱን ተወውና መጀመሪያ ጎንበስ ብለህ ሥሩን እይ።

1. ከፍታ። ሁለቱም ዝቅ ያሉ የስፖርት መኪናዎች ስለሆኑ በወረቀት ሥራቸው ከመሬት 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ልዩነቱ የሚታየው ሲነካ ነው። የጂቲ 86 ፓራውልት ጉብታ ላይ ቢሰነጠቅ ይበየዳል፣ ይቀባል። የሁራካን ቻሲ የአሉሚኒየምና የካርቦን ፋይበር ድብልቅ ስለሆነ ባትላሜራ በመዶሻ አያቃናውም። አፍንጫውን የሚያነሳው ሲስተም ሁሉም ሁራካን ላይ የለም፤ ካለ ቁልፉን ተጭነህ ሲነሳና ሲወርድ በዓይንህ እይ።

2. ጎማ። ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው! የጂቲ 86 ጎማ 215/45 በ17 ቸርኬ ነው፤ 215 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፣ የዚያ 45 በመቶ ደግሞ የዳሩ (የጎኑ ላስቲክ) ቁመት ነው፤ 9.7 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። የሁራካን የፊት ጎማ 245/30 በ20 ነው፣ ዳሩ 7.35 ብቻ። ጉድጓድ ሲገባ ጎማው ተጨፍልቆ ቸርኬው ይመታል፣ ይጣመማል። የኋላው 305/30 ስለሆነ ከፊቱ ጋር አይቀያየርም፤ ስኮርታም የለውም። ጎሚስታው በፌሮ ካወለቀው ደግሞ ዳሩ ይቀደዳል፣ ቫልቩ ላይ ያለው የንፋስ ሴንሰር ይሰበራል። ቀብድ ከመክፈልህ በፊት ሁለት የኋላ ጎማ የሚያቀርብልህን ሰው አግኝ። ዳሩ ላይ የተጻፈውን ባለ አራት አሃዝም አንብብ፤ 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። እንዲህ ያረጀ ላስቲክ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ደርቋል፣ አትመነው።

3. ሞተር። አዳማ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ሁለቱም ቱርቦ የላቸውም። የሁራካን 610 የፈረስ ጉልበት ወደ 510 ይወርዳል፣ የአዲስ አበባው ፈጣን መንገድ ደግሞ ከ120 በላይ አይፈቅድልህም። ከባጃጅ ጋር ስትጋፋ የምትውለው ግን በየቀኑ ነው፤ የጂቲ 86ን ማንዋል ፍሪሲዮን ደህና መካኒክ ካምቢዮ አውርዶ ይቀይረዋል፣ የሁራካን ድርብ ፍሪሲዮን ግን የራሱን ኮምፒዩተር ይፈልጋል።

እኔ ጂቲ 86 ግዛ ነው የምለው። ዘይቱ 5.4 ሊትር ዜሮ ደብሊው 20 የሚባለው ቀጭን ዘይት ነው፤ «አገሩ ሞቃት ነው» ብለው 20 ደብሊው 50 እንዳይሞሉብህ፣ ወፍራም ዘይት የቫልቭ ሰዓት መቀያየሪያውን ያዘገየዋል። ሞተሩ የተኛ (ፒስተኖቹ ወደ ጎን የሚሠሩ) ስለሆነ ካንዴላ መቀየር ጊዜ ይወስዳል፤ የእጅ ዋጋውን አስቀድመህ ተነጋገር። በአዳማ ንፋስና አቧራ የአየር ፊልትሮውን በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ አስከፍት።

አንድ ነገር አደራ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የቤንዚን የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ የምትገዛው አገር ውስጥ ያለውን ነው። ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዞርልህም። ሊብሬውን ይዘህ የቻሲና የሞተር ቁጥሩን መኪናው ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ አመሳክር፤ ሻጩ «እሱን በኋላ እንጨርሳለን» ካለህ ብርህን አትስጠው።