መልስ፦ ቡራዩ ሆኜ ነርስነት ብማር የሙያ ፈቃድ አገኛለሁ?

ሰላም እህቴ። 12ኛን ጨርሰሽ ቡራዩ ሰፈርሽ ያለ የግል ኮሌጅ በደረጃ 4 ነርስነት ብትማሪ ፈቃድ ታገኚ እንደሆነ ነው የጠየቅሽው። ታገኛለሽ። ብቻ ብር ከመክፈልሽ በፊት እውቅናውን አጣሪ።

እውቅና የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም አይደለም፤ ለየካምፓሱና ለየትምህርት ዘርፉ ነው። መሃል አዲስ አበባ ያለው ቅርንጫፍ ስለተፈቀደለት የቡራዩውም ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም። ቡራዩ በሸገር ከተማ ሥር ስለሆነች የምትጠይቂው የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናን የሚቆጣጠረውን የኦሮሚያ ቢሮ ነው። ኮሌጁ ግድግዳ ላይ የተሰቀለችውን የእውቅና ወረቀት ፎቶ አንስተሽ ለቢሮው አሳዪ። ነርሲንግ የሚል አለበት? ጊዜው አላለፈም?

ከዚያ ኮሌጁን "ለተግባር ልምምድ የት ሆስፒታል ነው የምትልኩን?" በያቸው። ካድበሰበሱ ውልቅ በይ። ምክንያቱም ስትጨርሺ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) አለ፤ የጽሑፍም የተግባርም ፈተና ነው። መዛኙ አጠገብሽ ቆሞ ደም ግፊት ስትለኪ፣ ቁስል ስታሽጊ፣ ጓንት አደራረግሽን ሳይቀር ያያል። ከደብተር ብቻ ተምሮ የመጣ እዚያ ላብ በላብ ይሆናል።

መውጫ ፈተና እያሉ የሚያስፈራሩሽን ተያቸው። እሱ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለዲግሪ ተመራቂዎች የመጣ ነው።

ሲኦሲ ስታልፊ ማስረጃሽን ይዘሽ የጤና ባለሙያዎች ምዝገባና ፈቃድ ክፍል ታመለክቻለሽ። ፈቃዱ በየጊዜው ይታደሳል፤ ሲታደስ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና መውሰድሽን ይጠይቁሻል። ስለዚህ የወሰድሽውን የሥልጠና ወረቀት ሁሉ አንድ ፋይል ውስጥ አስቀምጪ።