የአባትን ሸክላዎች በመኪና ስለ መስማት

እኅታችን ከአባታቸው የወረሷቸውን ሰማንያ ያህል ባለ 45 ዙር ሸክላዎች እየነዱ ለመስማት እንደሚፈልጉ፣ መኪናቸው ግን ዩኤስቢና ብሉቱዝ ብቻ እንዳለው ገልጸው፣ ማጫወቻውን መኪናው ውስጥ መግጠም ይቻል እንደሆነ፣ ካልሆነም ዘፈኖቹን ከዩቲዩብ ማውረዱ ይበቃ እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔም የአጎቴን ስብስብ በዚሁ ዓላማ ቀድቼ ስለ ጨረስሁ የደረሰብኝን ላካፍልዎ።

ማጫወቻ መኪና ውስጥ መግጠም ከዚህ በፊት ተሞክሯል። ክራይስለር እ.ኤ.አ. ለ1956 ሞዴሎቹ ከዳሽቦርዱ ሥር የሚቀመጥ ማጫወቻ አቅርቦ ነበር፤ የሚያጫውተው ግን በደቂቃ 16⅔ ዙር የሚሽከረከሩ፣ ለእሱ ብቻ የተዘጋጁ ሸክላዎችን ስለ ነበር ብዙም አልዘለቀም። በእኛ መንገድ ላይ መርፌው ስንት ጊዜ እንደሚዘል መገመት አያቅትዎትም። ይልቁንም ሸክላዎቹን ጭራሽ ወደ መኪናው አያስገቧቸው፤ እኔ ሦስቱን ለጓደኛዬ ላሳይ ብዬ የኋላ ወንበር ላይ ትቻቸው፣ ከቀትር ፀሐይ በኋላ እንደ ድስት ክዳን ጎብጠው አግኝቻቸዋለሁ። ዩቲዩብ ላይ ካሉት ደግሞ ብዙዎቹ ከካሴት የተገለበጡና ፍጥነታቸው የተዛባ ናቸው።

ስለዚህ ቤት ውስጥ መቅዳት ነው። እኔ በመጀመሪያ ማጫወቻውን በቀጥታ ከኮምፒውተሩ የማይክሮፎን ቀዳዳ ጋር አገናኝቼ ድምፁ ቀጭንና ባዶ ሲሆንብኝ፣ ሸክላው አልቋል ብዬ አዝኜ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ሆን ተብሎ ስለሚቀነስና ቀጭኑ ስለሚጨመር፣ ሲጫወት ይህን መልሶ የሚያስተካክል ፎኖ ፕሪአምፕ በመካከል መኖር አለበት። ዛሬ የሚሸጡ ብዙ ማጫወቻዎች በውስጣቸው ስላላቸው፣ ከመግዛትዎ በፊት ይመልከቱ። በስብስቡ ውስጥ ባለ 78 ዙር ካለ መርፌው የተለየና ሰፋ ያለ ሲሆን፣ እነዚያን በአልኮል ማጠብ ያበላሻቸዋል።

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ነገር የሚከተለው ነው። ከሸክላ አሳታሚው ከአምሃ ሪከርድስ ዘመን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1969 ወዲህ ከታተሙት የአገራችን 45ቶች ብዙዎቹ ሞኖ፣ ማለትም በግራም በቀኝም አንድ ዓይነት ድምፅ ያላቸው ናቸው። የሞኖ ሸክላ ዘፈን መርፌውን የሚያወዛውዘው ወደ ጎን ብቻ ሲሆን፣ አቧራና ጭረት ግን ወደ ላይና ወደ ታችም ያዘልሉታል፤ በመሆኑም የግራና የቀኙን ቅጂ ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ደምረው አንድ ሲያደርጓቸው ዘፈኑ ሳይነካ ጫጫታው በግልጽ ይቀንሳል። መኪና ውስጥ ደግሞ ለግራው ድምፅ ማጉያ ቀርበው ስለሚቀመጡ ከሞኖ የሚያጡት ነገር የለም። ጫጫታን በሙሉ የሚያጠፋውን ማጣሪያ ግን እንዳይዳፈሩት እመክራለሁ፤ የሳክስፎኑን ትንፋሽ ይዞት ይሄዳልና፣ የቀረውን ስንጥቅጥቅታ የጎማው ድምፅ ራሱ ይሸፍነዋል። ማጥፋት ያለብዎት ከ30 ኸርዝ በታች ያለውን ነው፤ የጎበጠ ሸክላ የሚያመጣው ይህ የማይሰማ ንዝረት የመኪናውን ትልቅ ድምፅ ማጉያ በከንቱ ያንቀጠቅጠዋል።

ከሸክላ ሸክላ የድምፁ መጠን ስለሚለያይ፣ እየነዱ ቁልፍ እንዳያዞሩ አስቀድመው ያቀራርቧቸው። ሰማንያ ሸክላ 160 ገጽ ነው፤ ገጹ በአማካይ አራት ደቂቃ ቢወስድ መቅዳቱ ብቻ ከአሥር ሰዓት በላይ ይፈጃል፣ ማጠቡና ስም መስጠቱ ሳይጨመር። ሳይታመቅ በ16 ቢትና በ44.1 ኪሎኸርዝ ሲቀመጥ በስቴሪዮ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ያህል፣ ተደምሮ ሞኖ ሲሆን ግማሹን ይይዛል። ያልተደመረውን ዋና ቅጂ ቤት ያስቀምጡ።

ዘፈኖቹን የሚጭኑበትን ፍላሽ ፋት32 በተባለው የፋይል አቀማመጥ ዓይነት (ፎርማት) ያዘጋጁት፤ የእኔ መኪና ሌላውን አላነበበልኝም፣ የዘፋኞቹንም ስም በፊደላችን ስጽፍ ባዶ ሳጥኖች ብቻ አሳየኝ። በላቲን ጽፌ ፊት ለፊቱ 001፣ 002 እያልሁ ቁጥር ስሰጥ ቅደም ተከተሉም ተስተካከለ። ይህን ያወቅሁት ግን አርባውን ሸክላ ቀድቼ ስሙን ከሰጠሁ በኋላ ነበር፤ እርስዎ አንዱን ሸክላ ብቻ ቀድተው፣ መኪናው ውስጥ ሞክረው ወደ ሁለተኛው ይለፉ።