የቀለበት ኔቡላ ኮከብ ስንት ዲግሪ ይሞቃል? ጥያቄና መልስ

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ጣርማ በር ላይ ባና ተከናንበን የቀለበት ኔቡላን፣ በአንድ ኮከብ ዙሪያ ያለውን የጋዝ ደመና፣ ስናይ ብዙ ጥያቄ ተነሣ። ብርዱ ሳያስጨርሰን በተነን። የቀሩትን እነሆ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቀለበቱን አየሁት፤ መሃል ያለውን ኮከብ ግን አጣሁት። ዓይኔ ነው?

መልስ፦ ዓይንህ ደህና ነው። ኮከቡ ለኛ ትንሽ ቴሌስኮፕ በጣም ደብዛዛ ነው። አብዛኛው ብርሃኑ ዓይን የማያየው አልትራቫዮሌት ነው። ሙቀቱ ወደ 120,000 ኬልቪን (የሙቀት መለኪያ ነው) ይጠጋል፤ የፀሐይ ገጽ 5,800 ገደማ ነው።

ጥያቄ፦ ቀጥቃጭ የብረቱን ግለት በቀለሙ ያውቅ የለ? ኮከቡንም እንደዚያ ብናደርግስ?

መልስ፦ ለቀዝቃዛ ኮከቦች ይሠራል። ብረት ቀልቶ፣ ቢጫ ሆኖ ይነጣል። በእንዲህ ያሉ ኔቡላዎች መሃል ያሉት ኮከቦች ግን ያንን ሁሉ አልፈዋል። የ60,000ውም የ120,000ውም በዓይን ያው ሰማያዊ ነጭ ነው። በዚያ ላይ በመንገድ ያለው የጠፈር አቧራ ብርሃኑን ያቀላዋል።

ጥያቄ፦ ታዲያ በምን አወቁት?

መልስ፦ ይሄን ነገር በጣም ነው የምወደው። ወፍጮ ቤት ስንት እህል እንደገባ ባታይም፣ የወጣውን ዱቄት መዝነህ ትደርስበታለህ። ኔቡላው ወፍጮው ነው። ጉልበት ያለው አንድ የአልትራቫዮሌት ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) የአንድ ሃይድሮጅን አቶም ኤሌክትሮን ያስለቅቃል። ኤሌክትሮኑ ተመልሶ ሲያርፍ የሚታይ ብርሃን ይወጣል። ያንን ብርሃን ከለካህ የማይታየውን ቆጠርክ ማለት ነው። ከዚያ ከኮከቡ ከራሱ የሚታይ ብርሃን ጋር ታነጻጽረዋለህ። የማይታየው በበለጠ ቁጥር ኮከቡ ይበልጥ ሞቃት ነው። ዘዴውን በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያመጣው ኔዘርላንዳዊው ኸርማን ዛንስትራ ነው።

ጥያቄ፦ ለአንድ ኮከብ ሁለት የተለያየ ሙቀት አነበብኩ። የቱን ልመን?

መልስ፦ አንዱ በሃይድሮጅን፣ ሌላው በሂሊየም የተሰላ ይሆናል። ጋዙ ስስ ከሆነ ብዙ ፎቶን ሳይፈጭ ሾልኮ ይሄዳል። ዱቄቱ ያንሳል፣ ሙቀቱም ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ ይወጣል። የሃይድሮጅንን ኤሌክትሮን ለመንጠቅ 13.6 ኤሌክትሮን ቮልት (የጉልበት መለኪያ ነው) ይበቃል፤ የሂሊየምን ሁለተኛ ኤሌክትሮን ለማስለቀቅ ግን 54.4 ያስፈልጋል። ያን ያህል ጉልበት ያለው ፎቶን ብዙውን ጊዜ አያመልጥም። ሁለቱ ቁጥሮች ሲራራቁ እኔ የሂሊየሙን ነው የምይዘው።

ጥያቄ፦ የእንዲህ ያሉ ኔቡላዎች ስም "ፕላኔታዊ ኔቡላ" ነው፤ ፕላኔት አለበት ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። በድሮ ቴሌስኮፕ እንደ ፕላኔት ክብ ሆነው ስለታዩ ነው። ስሙ ቀረ።

ጥያቄ፦ እኛስ መለካት እንችላለን?

መልስ፦ በኛ ቴሌስኮፕ አንችልም። ኮከቡን ለይቶ የሚያይ ትልቅ መስታወትና ብርሃኑን የሚበትን መሣሪያ ይፈልጋል። እንጦጦ ላይ መስታወታቸው 1 ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። መጀመሪያ እነሱን ሄደን እንይ፤ መኪናውን እኔ እጠይቃለሁ።